ከዮትሱጊ እስከ ካማኩራ፦ የጃፓን ታዳጊዎች የሚወዷቸውን ባንዶች ተከትዬ

ሐሙስ

ናሪታ ስንደርስ መሽቷል። ከአዲስ አበባ የተነሳው አውሮፕላን ኢንቾን አረፍ ብሎ ነው ቶኪዮ የሚገባው፤ እግሬ ደንዝዟል። ወንድሜና ልጁ መውጫው ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። ልጅቷ 14 ዓመቷ ነው። እዚሁ ጃፓን ተወልዳ ያደገች ናት። ሻንጣዬን ከእጄ ነጠቀችኝና ሰላምታውን ሳትጨርስ ፕሮግራሙን ዘረገፈችው። "አክስቴ፣ ነገ ሺቡያ፣ ቅዳሜ የትምህርት ቤት ፌስቲቫል፣ እሁድ ሺሞኪታዛዋ ነን። ሰኞ በዓል ስለሆነ ትምህርት የለም፣ ካማኩራ እንሄዳለን።"

ወንድሜ በደወለ ቁጥር የሚያነሳው ነገር አለ። ልጁ ከባንድ ሌላ ወሬ የላትም። የ13 እና የ14 ዓመት ልጆችን እንዲህ አድርጎ የሚይዝ ሙዚቃ ምን እንዳለው በዓይኔ ማየት ፈለግኩ። በእንቁጣጣሽ ሰሞን የመጣሁትም ለዚህ ነው።

የሚኖሩት ዮትሱጊ ነው። ካትሱሺካ በሚባለው የቶኪዮ ወረዳ ውስጥ ያለ ሰፈር ነው፤ በከተማዋ ካሉት ሐበሾች ብዙዎቹ እዚያ አካባቢ ናቸው። ቤት ስንገባ እንጀራው ቀርቧል። በልተን ሳንጨርስ ልጅቷ ስልኳ ላይ ሬዲዮ ከፈተች። ‹ስኩል ኦፍ ሎክ› ይባላል። በቶኪዮ ኤፍኤም ማታ 4 ሰዓት ላይ የሚጀምር፣ ከ2005 ጀምሮ ለታዳጊዎች የሚተላለፍ ፕሮግራም ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) አዘጋጆቹ ራሳቸውን ርዕሰ መምህርና ምክትል ርዕሰ መምህር ይላሉ፤ አድማጩ ተማሪ ነው። ስመ ጥር ባንዶች እንደ መምህር እየገቡ ክፍለ ጊዜ ይይዛሉ። ልጆች እየደወሉ ስለ ፈተና፣ ስላኮረፈ ጓደኛ፣ ትምህርት ቤት ስለ መሄድ ፍርሃት ያወራሉ።

ጃፓን ውስጥ ረጅሙ የበጋ ዕረፍት አልቆ ትምህርት የሚከፈትበት የሴፕቴምበር መጀመሪያ ለታዳጊዎች ከባድ ጊዜ መሆኑ የታወቀ ነው። ክፍል ገብተው መቀመጥ የሚጨንቃቸው ልጆች አሉ። በዚህ ሰሞን፣ በዚህ ሰዓት፣ አንድ ትልቅ ሰው አንዲትን ልጅ ሳያቋርጥ ሲያዳምጥ መስማት ልቤን ነካው። ወዲያው ደግሞ ዘፈን ገባ።

ፕሮግራሙ በ2008 ዕድሜያቸው በአሥራዎቹ ውስጥ ላሉ ባንዶች ብቻ የሮክ ውድድር ጀምሮ ነበር። የመጀመሪያውን ያሸነፉት ጋሊሌዮ ጋሊሌይ የተባሉ ልጆች ናቸው። የመጡት ከዋካናይ ነው፤ የጃፓን ሰሜን ጫፍ ላይ ካለች ከተማ። "ከዚያ ወዲያ እኮ ባሕር ነው" አለችኝ ልጅቷ። ለእሷ ትልቁ ቁም ነገር ይሄ ነው። ቶኪዮ አልተወለዱም፣ ማንም አያውቃቸውም ነበር፣ ግን ተሰሙ።

ዓርብ

ከትምህርት ቤት ስትወጣ ሺቡያ ተገናኘን። ዩኒፎርሟን አልቀየረችም። ቀጥታ ወደ ታወር ሬከርድስ ወሰደችኝ። ቢጫና ቀይ ምልክት የተለጠፈበት ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ነው፤ አሁን ካለበት ቦታ ከ1995 ጀምሮ ቆሟል። በሌላው ዓለም ሲዲ ሙዚየም ሊገባ ነው፤ እዚህ ገና ይሸጣል። የገረመኝ ግን ሲዲው አይደለም። በየመደርደሪያው ላይ ሠራተኞቹ በገዛ እጃቸው የጻፏቸው ካርዶች ተለጥፈዋል። ቀለም ቀብተው፣ ኮከብ ስለው፣ ይህን ባንድ ለምን እንደወደዱት ይጽፋሉ። የመደብር ማስታወቂያ ሳይሆን ለጓደኛ የተጻፈ ደብዳቤ ይመስላል። ልጆች ቆመው አንድ በአንድ ያነቡታል።

ልጅቷ ክንዴን ይዛ ከአንዱ መደርደሪያ ወደ ሌላው ትጎትተኛለች። በምፕ ኦፍ ቺክን ከናሪታ ብዙም በማትርቀው በሳኩራ ከተማ ያደጉ አራት ሰዎች ናቸው፤ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ይተዋወቃሉ፣ ባንዱን የመሠረቱት በ1996 ነው። ራድዊምፕስ በ2001 በካናጋዋ የተነሱ ልጆች ናቸው፤ በዮኮሃማ በተካሄደ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሙዚቃ ውድድር በ2002 አሸነፉ። ከዓመታት በኋላ በ2016 የአንድ ትልቅ የአኒሜ (የጃፓን የካርቱን) ፊልም ሙዚቃ ሠርተው ዓለም አወቃቸው። ዮአሶቢ ደግሞ ሌላ ዓይነት ናቸው። ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ዜማ ይሠራል፣ አንዷ ትዘፍናለች። በ2019 ሲጀምሩ ሐሳቡ ተራ ሰዎች ኢንተርኔት ላይ የጻፏቸውን አጫጭር ልብ ወለዶች ወደ ዘፈን መለወጥ ነበር። በ2023 አንዱ ዘፈናቸው ከአሜሪካ ውጭ ባለው የቢልቦርድ የዓለም ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። በጃፓንኛ ለተዘፈነ ዘፈን ይህ የመጀመሪያው ነው።

አንድ ነገር ልብ አልኩ። ግጥሞቹን ስትተረጉምልኝ ፍቅር ብቻ አይደለም የሚያወሩት። ጠዋት ከአልጋ መነሳት ያቃታት ልጅ አለች። ክፍል ውስጥ ማንም ስሙን የማይጠራው ልጅ አለ። የሚናገረው ነገር ሞልቶት አፉ የማይከፈትለት አለ። የ13 ዓመት ልጅን ኀዘን "ሲያድግ ይተወዋል" ብለው አያልፉትም። እንደ ትልቅ ሰው ኀዘን ቆጥረው፣ በሙሉ ድምፅ፣ በሦስት ጊታር ይዘፍኑለታል። እኔ በዚያ ዕድሜዬ እንዲህ የሚያናግረኝ ዘፈን አልነበረኝም፤ ቢኖረኝ ደስ ባለኝ።

ቅዳሜ

ከጉዞዬ ሁሉ ይህን ቀን ነው የምወደው።

በመስከረም ብዙ የጃፓን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የባህል ፌስቲቫል ያደርጋሉ። ልጅቷ ገና መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ናት፤ የት መግባት እንደምትፈልግ ለማየት ከአሁኑ ትዞራለች። የእሷ መመዘኛ አንድ ነው። ኬዮንቡ አለው ወይ? ኬዮንቡ የሚሉት የባንድ ክበቡን ነው። ከትምህርት በኋላ ተማሪዎች ተሰብስበው ጊታር፣ ቤዝ፣ ድራምና ኪቦርድ የሚለማመዱበት ክበብ ነው። እንደ እግር ኳሱ፣ እንደ ጁዶው ያለ ተራ የትምህርት ቤት ክበብ ነው። ብዙ የታወቁ ሙዚቀኞች የጀመሩት ከእንዲህ ያለ ክፍል ነው።

ጫማችንን በር ላይ አውልቀን በላስቲክ ያመጣነውን ነጠላ ጫማ አደረግን። ግቢው በተጠበሰ ኑድል ሽታ ታውዷል። ጂምናዚየሙ ውስጥ መስኮቶቹ በጥቁር መጋረጃ ተሸፍነዋል፤ መድረኩ ላይ ብቻ መብራት አለ። መብራቱንም ድምፁንም የሚቆጣጠሩት ተማሪዎች ናቸው። አስተማሪ ፈልጌ አየሁ፤ አንዱ ከኋላ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፣ እጁን አያስገባም።

ባንዶቹ ተራ በተራ ወጡ። እያንዳንዱ ሁለት ሦስት ዘፈን ይጫወታል። አብዛኛው የታወቁ ባንዶችን ዘፈን፣ የሚሲስ ግሪን አፕልን፣ የኦፊሻል ሂጌ ዳንዲዝምን፣ የዋን ኦክ ሮክን ነው የሚጫወቱት። የሚሲስ ግሪን አፕል ዘፈኖች ድምፃቸው ሰማይ ነው የሚነካው፤ አንዱ ልጅ እዚያ ሲደርስ ድምፁ ተሰነጠቀ። ሁሉም ጮኾ ቀጠለለት፤ አዳራሹ በሙሉ የቀረውን ዘፈነ። ቀጥሎ የወጣው ባንድ መሐል ላይ ተሳሳተና ቆመ። ቤዝ የምትጫወተው ልጅ ፊቷ ቀላ። ድራመሯ በእንጨቶቿ እንደገና ቆጠረች፣ ታዳሚው አጨበጨበ፣ ከመጀመሪያው ጀመሩት። ማንም አልሳቀም። እኔ አለቀስኩ፤ ልጅቷም አየችኝ።

የመጨረሻዎቹ የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ነበሩ። ከዛሬ በኋላ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ለማጥናት ክበቡን ይለቃሉ። ድምፃዊቷ ታናናሾቿን በስም እየጠራች አመሰገነች። ይህን ሁሉ ሳይ ወንድሜ በስልክ "የባንድ ወሬ" የሚለው ነገር ምን እንደሆነ ገባኝ። እነዚህ ልጆች ዘፋኝን ከሩቅ አይወዱም። የወደዱትን ዘፈን ፈትተው፣ በጣታቸው ሞክረው፣ መልሰው ይገጥሙታል። ባንዱ የእነሱ ነው፤ እነሱም የባንዱ ናቸው።

ስንመለስ ባቡር ውስጥ ስለ ስካንዳል አወራችልኝ። በ2006 ኦሳካ ውስጥ የተመሠረተ የአራት ሴቶች ባንድ ነው። የተዋወቁት ዘፈንና ዳንስ በሚያስተምር ትምህርት ቤት ነው። መሣሪያ መጫወት የጀመሩት ከዜሮ ነው። በኦሳካ ግንብ መናፈሻ መንገድ ዳር ቆመው በትምህርት ቤት ዩኒፎርም ይጫወቱ ነበር። በ2008 በትልቅ የሙዚቃ ኩባንያ በኩል ወጡ። በ2013 እዚያው ኦሳካ ግንብ አጠገብ ባለው ትልቅ አዳራሽ ራሳቸውን ችለው ኮንሰርት አቀረቡ። በ2023 ጊነስ አባላቱን ሳይቀይር ረጅም ዘመን የቆየ የሴቶች ሮክ ባንድ ብሎ መዘገባቸው። ልጅቷ ይህን ስትተርክ ዓይኖቿ ያበራሉ። የመጀመሪያ ቤዟን ያስገዛት የእነሱ ቪዲዮ ነው።

እሁድ

ጠዋት ኦቻኖሚዙ ሄድን። ከባቡር ጣቢያው ሲወጡ ቁልቁል የሚወርድ መንገድ አለ፤ ግራና ቀኙ ጊታር ብቻ ነው። ሱቁ እስከ ጣሪያው ድረስ ጊታር ተሰቅሎበታል። እኛ ዘንድ ቢሆን "አትንኩ" ይባላል። እዚህ ሻጩ ጊታሩን ያወርዳል፣ ይቃኛል፣ ከአምፕ (ከድምፅ ማጉያው) ጋር ያገናኛል፣ ወንበር አቅርቦ ይሄዳል። እንደምትገዛ አይጠይቅም።

ልጅቷ አንድ ጥቁር ያማሃ ፓሲፊካ ጊታር ፊት ቆማ ቀረች። ምክንያት አለው። በ2022 ‹ቦቺ ዘ ሮክ› የሚባል አኒሜ ወጥቶ ነበር። ሰው ፊት መናገር የሚያቅታት፣ ጓደኛ የሌላት፣ ክፍሏ ውስጥ ተደብቃ ጊታር የምትለማመድ ልጅ በድንገት ባንድ ውስጥ ስትገባ የሚያሳይ ነው። ይህን ጊታር የምትይዘው እሷ ናት። በዚህ አኒሜ ምክንያት ጊታር ያነሱ ልጆች ብዙ ናቸው፤ ከልጅቷ ክፍል እንኳ ሁለቱ።

ከሰዓት በፊት ሺሞኪታዛዋ ደረስን። ጠባብ መንገዶች፣ ያገለገለ ልብስ የሚሸጥባቸው ሱቆች፣ ወደ ምድር ቤት የሚወርዱ ደረጃዎች። ደረጃዎቹ ወደ ላይቭ ሃውስ ነው የሚወስዱት፤ ትንንሽ የሙዚቃ ቤቶች ናቸው። በአኒሜው ውስጥ ያለው ቤት የተሳለው ከ1991 ጀምሮ እዚህ ከሚሠራው ‹ሼልተር› ከሚባለው ነው። በሩ ላይ ሦስት ልጆች ፎቶ ይነሳሉ። ልጅቷም ተነሳች። የአኒሜው አራት ልጃገረዶች የቤተሰብ ስም ጎቶ፣ ኪታ፣ ያማዳ፣ ኢጂቺ ነው። ይህ የኤዥያን ኩንግ ፉ ጄነሬሽን አባላት ስም ነው። ባንዱ በ1996 ዮኮሃማ ባለ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተማሪ ሳሉ የመሠረቱት ነው፤ ናሩቶ የተባለውን አኒሜ ያየ የአዲስ አበባ ልጅ ስማቸውን ባያውቅም ድምፃቸውን ሰምቷል።

እኛ የገባነው ሌላ ቤት ነው፤ በቀን ትንንሽ ባንዶች የሚያቀርቡበት። መግቢያው ላይ ከትኬቱ ሌላ 600 የን ለመጠጥ ይከፈላል። ልጅቷ ሻይ ጠየቀች። ትኬት ተቀባይዋ "የትኛውን ባንድ ልታዩ መጣችሁ?" አለችን። ጥያቄው ለወግ አይደለም። መልሱ ከባንዱ ስም ጎን ይመዘገባል። ብዙ ላይቭ ሃውሶች ለባንዶች የትኬት ኮታ ይሰጣሉ፤ ኮታው ካልሞላ ጎደሎውን ባንዱ ከኪሱ ይከፍላል። ለተማሪ ከባድ ነው። የትርፍ ሰዓት ሥራ ሠርተው መድረክ ላይ ለመቆም የሚከፍሉ አሉ። ቤቶቹም ኪራይ አለባቸው፣ ይገባኛል፤ ግን ሸክሙ ትንሹ ላይ መውደቁን አልወደድኩትም። ልጅቷ ከአራቱ ባንዶች የአንዱን ስም ጮክ ብላ ተናገረች። "እነዚህ ሰው የላቸውም" አለችኝ ቀስ ብላ።

ቤቱ ጠባብ ነው፤ የድራሙ ምት ደረት ይመታል። ከመድረኩ እስከ እኛ አንድ እርምጃ ነው። ሲጨርሱ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ገመዳቸውን ጠቀለሉ፣ ከዚያ በሩ ጋ ጠረጴዛ ዘርግተው ቲሸርት ሸጡ። ልጅቷ ቤዝ ተጫዋቹን ስለ አውታሮቹ ጠየቀችው። ተቀምጦ አስረዳት፤ ቸኩሎ አላባረራትም።

ሰኞ

የአረጋውያን ቀን ነው፤ በጃፓን በሴፕቴምበር ሦስተኛው ሰኞ የሚከበር ሕዝባዊ በዓል። ከቶኪዮ ፉጂሳዋ ወርደን ኤኖደን የምትባለውን ባቡር ተሳፈርን። አረንጓዴና ክሬም ቀለም የተቀባች ትንሽ ባቡር ናት። 10 ኪሎ ሜትር ያህል ትጓዛለች፤ በቤቶች መሐል ተሹለክልካ በድንገት ባሕር ዳር ትወጣለች።

ልጅቷ የመረጠቻት ለባሕሩ አይደለም። ኤዥያን ኩንግ ፉ ጄነሬሽን በ2008 ለዚህ መስመር አንድ ሙሉ አልበም ሠርተዋል። ከፉጂሳዋ ጀምሮ እስከ ካማኩራ እያንዳንዱ ዘፈን የአንድ ጣቢያ ስም ይዟል። መስመሩ 15 ጣቢያ አለው፤ ያኔ የተዘፈነላቸው 10 ብቻ ነበሩ። በ2023 የቀሩትን አምስቱን ጨምረው ሞሉት። አንዱን ማዳመጫ ለእኔ፣ አንዱን ለራሷ አድርጋ፣ ባቡሩ በቆመ ቁጥር የጣቢያውን ዘፈን ከፈተች። አንዳንዱ ዘፈን ከመንገዱ ይረዝማል፤ ሺቺሪጋሃማ ላይ ወርደን ዘፈኑ እስኪያልቅ ባሕሩን አየን። ካማኩራ ኮኮማዬ ላይ ደግሞ የባቡር ማቋረጫው አጠገብ ሰው ተሰልፎ ፎቶ ያነሳል። ‹ስላም ደንክ› የተባለው የቅርጫት ኳስ አኒሜ ያሳወቀው ቦታ ነው። ነዋሪው መንገዱ ተዘግቶበት መቸገሩ ያስታውቃል፤ እኛ ሳንቆም አለፍን።

ማታ ዮትሱጊ ጎረቤቶች ቡና ሊጠጡ መጡ። ወንድሜ የክራር ሙዚቃ ከፈተ፤ አምባሰል ነበር። ልጅቷ ቤዟን አምጥታ ድምፆቹን አንድ በአንድ ፈለገቻቸው። ከዚያ ሳትነግረን በዚያው ቅኝት ‹ሳኩራ ሳኩራ›ን፣ እዚህ ሕፃን ሁሉ የሚያውቀውን የቼሪ አበባ ዜማ፣ ተጫወተችው። ድምፆቹ ያው ናቸው። በአምባሰል ውስጥ ያሉት አምስቱ ድምፆች ኮቶ በተባለው የጃፓን የአውታር መሣሪያ ጥንታዊ ሙዚቃም አሉ። ዛሬ ልጆቹ የሚሰሙት ፖፕ ደግሞ ወደ እኛ ትዝታ ሜጀር የሚጠጋ ዜማ አያጣም። አንዲት ጎረቤት እናት "ለዚህ ነዋ ሲዘፍኑ አንጀቴን የሚበሉኝ!" አለች።

ማክሰኞ

ልጅቷ ትምህርት ቤት ናት። ለብቻዬ ወደ ቡዶካን ሄድኩ። በ1964 ለኦሎምፒክ ጁዶ የተሠራ ባለ ስምንት ማዕዘን አዳራሽ ነው። በ1966 ቢትልሶች እዚህ ሲዘፍኑ ቦታው ረከሰ ብለው የተቃወሙ ነበሩ። አሁን የጃፓን ባንድ ሁሉ ሕልም ነው። በ2014 ቤቢሜታል እዚህ ሲያቀርቡ ከሦስቱ ልጆች ሁለቱ 14 ዓመታቸው ነበር፤ አንዷ 16።

ያ ቁጥር ከአእምሮዬ አልወጣም። ከዚያ አኪሃባራ ሄድኩ፤ ኤኬቢ48 የተባሉት የሴት ልጆች የዘፈን ቡድን በ2005 የጀመሩበት ትንሽ ቴአትር ያለበት ሰፈር ነው። ሐሳቡ ቀርበው የሚያገኟቸው ኮከቦች የሚል ነበር። በኋላ ግን ሲዲው ውስጥ ዘፋኞቹን በእጅ የመጨበጫ ትኬትና ተወዳጇን የመምረጫ ድምፅ እየተደረገ ተሸጠ። አንዱን ሲዲ ደጋግሞ የሚገዛ ሰው ተፈጠረ። ይህ ለታዳጊ ኪስ ጥሩ ነገር አይደለም። ከዚያ የከፋም አለ። የወንዶች ባንዶችን ለአሥርተ ዓመታት ሲያሰለጥን የኖረው የጆኒ ኪታጋዋ ድርጅት፣ መሥራቹ ታዳጊ ወንዶችን በወሲብ ሲያጠቃ እንደኖረ በ2023 አምኖ ይቅርታ ጠየቀ። ሰውየው በ2019 ሞቷል፤ በሕይወት ሳለ በወንጀል አልተጠየቀም። ወሬው ለዓመታት ይሰማ ነበር፤ አብዛኛው የጃፓን ሚዲያ ዝም አለ። ልጅ ያለው ሁሉ ይህን ማወቅ አለበት። የልጆች ሙዚቃ ልጆችን የሚጠብቅ ሰው ይፈልጋል።

ማታ ልጅቷና ጓደኛዋ የሚለማመዱበት ስቱዲዮ ሄድን። በሰዓት የሚከራይ ጠባብ ክፍል ነው። ድራሙና አምፖቹ እዚያው አሉ፤ ተማሪ ቅናሽ ያገኛል። ጓደኛዋ ጊታር ይዛ ትዘፍናለች፣ የእኛዋ ቤዝ ትጫወታለች። ድራሙ ላይ ማንም የለም። ምቱን ከስልክ ነው የሚከፍቱት፤ ሲፈጥን አብረው ይፈጥናሉ፣ ሲቆም ይቆማሉ። ከራሳቸው ግማሽ ዘፈን ጽፈዋል። በግጥሙ ሁለተኛ ክፍል ላይ ተጨቃጨቁ፣ ተስማሙ፣ ደገሙት።

መውጫው ላይ ሰሌዳ አለ። ባንዶች አባል የሚፈልጉበት ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ከግርጌው ተቀዶ የሚወሰድ አድራሻ አለው። የእነሱም አለ፣ በሐምራዊ እስክሪብቶ የተጻፈ። "ድራመር እንፈልጋለን። ጀማሪ ይሁን፣ ግድ የለም። እኛም ጀማሪ ነን።" ከስድስቱ ቁራጮች አንዱ ተቀዷል። ባለፈው ሳምንት አንዲት የ13 ዓመት ልጅ መልእክት ላከችላቸው፤ ቅዳሜ መጥታ ትሞክራለች።